መጨረሻህ ምን ይባላል?

«ምንድን ነው የምትማረው?» ለሚለኝ ሰው «ሳይንስም ኢንጂነሪንግም» ብዬ ስመልስ፣ ወዲያው የምትከተለኝ ጥያቄ አንዲት ናት። «እሺ፣ መጨረሻህ ምን ይባላል?» ለንደን ውስጥ የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ጠይቆኛል ብል ብዙ አላጋነንኩም። በሰርግ ተጠይቄያለሁ፣ በለቅሶ ቤት ተጠይቄያለሁ፣ ልጆቼን ለአማርኛ ትምህርት በማደርስበት የቤተ ክርስቲያን ግቢም ተጠይቄያለሁ። እናቴ በስልክ ያቀረበችልኝ ደግሞ ከሁሉም ያጥራል፦ «ልጄ፣ ለጎረቤት ዶክተር ልበል ኢንጂነር?»

ጥያቄው ክፋት የለበትም። ግን ስለ ትምህርት ያለንን አስተሳሰብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለብዙዎቻችን ትምህርት ማለት መጨረሻው ላይ ከስም በፊት የሚቀመጥ መጠሪያ ነው። ዶክተር እገሌ፣ ኢንጂነር እገሌ። መጠሪያ የማይሰጥ ትምህርት ጊዜ ማባከን ይመስለናል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ትምህርት ብዬ ብጀምርም ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ ዲፓርትመንት የሚመርጡት ልጆች ጉዳይ ነው። ምርጫው ጋ ሳይደርሱ በር ላይ የቀሩት የብዙ መቶ ሺህ ልጆችም ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የምማረውን ላስረዳ።

የምማረው በእንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዲግሪው ስም በአማርኛ ሲመለስ «ጥምር ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ» የሚል ነው፤ ደረጃው ደግሞ «ኦነርስ» ይባላል። ይህን ቃል የእኛ ሰው «በማዕረግ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኛ ጋ በማዕረግ፣ በከፍተኛ ማዕረግ፣ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ መመረቅ የውጤት ጉዳይ ነው። እዚህ ኦነርስ የዲግሪው ዓይነት ነው። ተራው ዲግሪ በ300 ክሬዲት ያልቃል፣ ኦነርሱ 360 ይጠይቃል። አንድ ክሬዲት የ10 ሰዓት ጥናት ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሙሉው ዲግሪ 3,600 ሰዓት ነው ማለት ነው። ሙሉ ቀን የሚማር ሰው በዓመት 120 ክሬዲት እየወሰደ በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል። እንደኔ ሥራና ልጆች ያሉት ሰው 60 እየወሰደ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል፤ በትምህርት ወራት በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ገደማ ማጥናት አለበት። እኔ ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቴ ነው።

ሥራዬ በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ የሌሊት ፈረቃ ነው። ስቀጠር አውቶቡስ አጥቢ ነበርኩ። ቀጥሎ በግቢው ውስጥ አውቶቡሶችን ከቦታ ቦታ የሚያንቀሳቅስ ሆንኩ፣ አሁን በመካኒኮች ረዳትነት እሠራለሁ። ጋራዡ ስገባ ሁሉም በናፍጣ የሚሄዱ ነበሩ። ዛሬ አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ ናቸው። ይህ ለውጥ በዓይኔ ፊት የተካሄደ ነው፤ ለምን ሁለቱን የትምህርት ዓይነቶች አጣምሬ እንደያዝኩ ለማስረዳትም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

አንድ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ባትሪ ተበላሸ እንበል። ችግሩ የማነው? በሴሎቹ ውስጥ የሚካሄደው የሊቲየም እንቅስቃሴ ኬሚስትሪ ነው። ሙቀቱ የሚፈጠርበትና የሚወገድበት መንገድ ፊዚክስ ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው የማቀዝቀዣ ፓምፕና ቱቦ መካኒካል ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኃይል ኤሌክትሪካል ነው። የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ እየለካ «ይበቃል፣ መሙላት አቁም» የሚለው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። በናፍጣው ዘመን መካኒኩ ሞተሩን፣ ኤሌክትሪሺያኑ መብራቱንና ባትሪውን ይዘው በየፊናቸው ይሠሩ ነበር። አሁን እንደዚያ መከፋፈል ከባድ ነው። የባትሪው ችግር ዲፓርትመንት አያውቅም።

የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ልዩነት ለእኔ የገባኝ በዚህ መንገድ ነው። ሳይንስ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል። ኢንጂነሪንግ «ለዚህ ሥራ ምን ያህል ይበቃል? በስንት ብር? ቢሰበርስ ማን ይጎዳል?» ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው ባትሪው ለምን እንደሚያረጅ ያስረዳሃል፣ አውቶቡሱን ግን ለነገ ጠዋት አያደርስልህም። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ መመሪያው ላይ ያለውን ይሠራል፣ መመሪያው ላይ ያልተጻፈ ነገር የገጠመው ዕለት ግን ይቆማል።

አገር ቤት ላለው አንባቢ ቀረብ የሚል ምሳሌ ልስጥ። አንድ 1,500 ኪሎ የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ከእንጦጦ ወደ መሀል አዲስ አበባ ወረደ እንበል። የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ነው ብለን እንያዝ። ክብደቱን በ9.8 እና በ600 ስናባዛ 8.82 ሚሊዮን ጁል ይመጣል፤ ይህም 2.45 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪናን በሜዳ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ጉልበት ማለት ነው። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ይህን ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ አቃጥሎ ይወርዳል፤ የፍሬን ሽታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የኤሌክትሪኩ መኪና ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር ተጠቅሞ የጉልበቱን ከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል።

እስከዚህ ፊዚክስ ነው። አሁን የኢንጂነሪንጉ ጥያቄ ይመጣል። ቤቱ እንጦጦ አካባቢ የሆነ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁል ቢወርድስ? የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ስለዚህ ያ ጉልበት መመለሻ የለውም፤ መኪናውም ሹፌሩ በለመደው መጠን በሞተሩ አይያዝም፣ ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ማታ ከመሙላቱ በፊት «ነገ መጀመሪያ የምሄደው ዳገት ነው ቁልቁለት?» ብሎ ቢያስብ ጥሩ ነው። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የነዳጅ ሞተር በዚህ ምክንያት አቅሙ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር ስለማይፈልግ በዚህ አይነካም። በአየር የሚቀዘቅዝ ዕቃ ሁሉ ግን ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ያንሰዋል። ጠረፍ ላይ ተሠርቶ ጠረፍ ላይ የተፈተነ ዕቃ ሸዋ ሲመጣ ይህን የሚያሰላለት ሰው ይፈልጋል።

ይህ ሰው ማን ነው? የት ነው የሚማረው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ ተመረቀ። መኪናው ገባ፣ ኃይሉም አለ። መሀል ላይ ያለው ሰውስ? የባትሪውን ኬሚስትሪ፣ የሞተሩን ኤሌክትሪክ፣ የመንገዱን ዳገትና የደንበኛውን ኪስ በአንድ ራስ የሚያስብ ሰው በዲፓርትመንት ተከፋፍሎ ከሚያስተምር ሥርዓት በብዛት አይወጣም። የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጥረት፣ በዩቲዩብና በጋራዥ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሥርዓት ልምጣ፤ እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ በሩቅ አልናገርም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ አገራችን «70/30» የሚባለውን ፖሊሲ አመጣች። ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል ነው። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም፤ ፋብሪካ፣ መንገድና ግድብ የምትገነባ አገር ባለሙያ ያስፈልጋታል። ግን ቁጥሩ የተሞላው ከላይ ወደ ታች ነበር። ተማሪው ፎርም ይሞላል፣ ሥርዓቱ ይመድባል። እኔ የሞላሁት ኢንጂነሪንግ ነበር። የደረሰኝ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ሆነ፣ እዚያ ስደርስ ደግሞ ኬሚስትሪ። ከእኔ ጋር ከተመደቡት ልጆች ውስጥ ኬሚስትሪን አንደኛ አድርጎ የመረጠ አንድም አላጋጠመኝም። አስተማሪዎቻችንም ያውቁት ነበር። አንዱ በመጀመሪያው ቀን «እንኳን ሳትፈልጉ መጣችሁ» ብሎ አስቆናል።

የኬሚስትሪ ሕንፃውና የኢንጂነሪንጉ ወርክሾፕ ፊት ለፊት ነበሩ፤ መሀላቸው አንድ የኳስ ሜዳ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ሜዳ ለኳስ እንጂ ለትምህርት አቋርጬው አላውቅም። አንድ ኮርስ እንኳ ከዚያ ወስጄ ልማር ብዬ ጠይቄያለሁ፤ «ካሪኩለሙ አይፈቅድም» ነበር መልሱ። በእኛ በኩል ደግሞ ቤተ ሙከራው ኬሚካል ስላልነበረው ታይትሬሽንን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ቀለሙ ሲቀየር አስተማሪያችን በሮዝ ጠመኔ ሣለልን። ወዲያ ማዶ ያሉት የኢንጂነሪንግ ልጆችም የሚያወሩት ተመሳሳይ ነበር፦ አንድ ማሽን ለስልሳ ልጅ፣ ያውም ሲሠራ።

ሁለተኛ ዓመት ስጨርስ አባቴ አረፈ። ታናናሾቼ ትምህርት ቤት ነበሩና ወጥቼ ሥራ ያዝኩ። ከዓመታት በኋላ ባለቤቴን ተከትዬ ለንደን ስመጣ «ያቺ የሁለት ዓመት ትምህርት ዋጋ ይኖራት ይሆን?» ብዬ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲላክልኝ ጠየቅኩ። ሬጅስትራሩ ጋ ወንድሜ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቆጥሮ የሚነግረኝ እሱ ነው፤ «ኮስት ሼሪንግ ክፈል» ተባለ፣ ተከፈለ፣ «ፊርማ ያለው ሰውዬ ስብሰባ ነው» ተባለ። ስምንተኛው ወር ላይ ተውኩትና ከዜሮ ጀመርኩ።

ከዜሮ መጀመር የቻልኩት ግን የገባሁበት ቤት በሩ ክፍት ስለሆነ ነው። ዋናው የጽሑፌ ነጥብም ይኸው ነው።

ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው በጥር 1971 ነበር። ሐሳቡን ያነሱት ሃሮልድ ዊልሰን ሲሆኑ ተግባራዊ እንዲሆን የታገሉት ጄኒ ሊ የተባሉ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ የሆኑ ሚኒስትር ናቸው። ያኔ ብዙ የተማረ ሰው ሳቀባቸው፤ «ያለ መግቢያ ፈተና ዩኒቨርሲቲ? በቴሌቪዥን?» ተባለ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም። መጽሐፉ በፖስታ ይመጣል፣ ትምህርቱ በቢ.ቢ.ሲ. ይተላለፋል፣ የሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ የሙከራ ዕቃ በሣጥን ታሽጎ ቤታቸው ድረስ ይላክላቸው ነበር። ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት እስከ ዛሬ የመግቢያ ውጤት አይጠየቅም። የሚጠየቀው መውጫው ላይ ነው። እያንዳንዱን የቤት ሥራ የሚያርም ቱተር አለ፣ ፈተና አለ፣ ያላለፈ አያልፍም። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ።

አንዳንዱ አንባቢ «የርቀት ትምህርት አይደል?» ብሎ ከንፈሩን እንደሚያጣምም አውቃለሁ። አልፈርድበትም። የርቀት ትምህርት በአገራችን ስሙ ተጎድቷል። ከጥራት ችግር የተነሳ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት እስከማገድ ደርሶ፣ ኋላ በቅድመ ሁኔታ ነው የፈቀደው። ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ1995 እ.ኤ.አ. የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚሁ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከጫካ ወጥቶ አገር የሚመራ ሰው ሥራውን ሳይለቅ የሚማርበት መንገድ ይኸው ብቻ ነበር። በፖለቲካቸው የምንስማማም የማንስማማም በአንድ ነገር እንስማማለን ብዬ አስባለሁ፦ ለአገር መሪ የሚበቃ የትምህርት መንገድ ለጋራዥ ሠራተኛ፣ ለገጠር መምህርና ለቤት እመቤት አይበቃም ሊባል አይችልም።

ርቀትን በተመለከተ ደግሞ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ባለችው ጠባብ ቤታችን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ኩሽና ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ቴኔሪፍ በምትባል የአትላንቲክ ደሴት ተራራ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ በኮምፒውተር አዝዤ የኮከብ ብርሃን ለክቻለሁ። መረጃው እውነተኛ ነው፣ ስሕተቱም እውነተኛ ነው፣ ደመና ሲመጣ ሥራው ይበላሻል። ታይትሬሽንን በሮዝ ጠመኔ የተማርኩት ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ሩቅና ቅርብ መሆን ላይ አይደለም። ዕቃ መኖሩ፣ የሚያርም ሰው መኖሩና ተማሪው ሠርቶ እንዲሳሳት ጊዜ መሰጠቱ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ በሌላ ወገን ያለውን ሐቅ ላስቀምጥ፤ ሚዛኑ አንድ ወገን ብቻ እንዳይደፋ።

አንደኛ፣ ጥምር ዲግሪ በራሱ ኢንጂነር አያሰኝም። እዚህ አገር «ቻርተርድ ኢንጂነር» ለመባል አብዛኛውን ጊዜ ዕውቅና የተሰጠው የኢንጂነሪንግ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ያንን የሚፈልግ ሰው ለዚያ የተዘጋጀውን ዲግሪ መያዝ አለበት፤ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ለብቻው ያስተምረዋል። ድልድይ የሚፈርም ሰው ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የቀመሰ እንዲሆን አልመኝም። ሁለተኛ፣ ጥልቀት ይጎድላል። እኔ ፊዚክስ ወስጃለሁ፣ የፊዚክስ ተማሪ ግን እኔ ያላየሁትን ብዙ ያያል። ሦስተኛ፣ ዋጋ አለው። ትምህርቱ ነጻ አይደለም፤ የምማረው በመንግሥት ብድር ነው። ያንን ብድር የማግኘት መብት እስኪኖረኝ ድረስም ዓመታት ጠብቄያለሁ። መክፈል የምጀምረው ገቢዬ ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ ሲሆን የምከፍለው ካለፈው ላይ 9 በመቶ ነው። አራተኛውን ዋጋ የምትከፍለው ባለቤቴ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ልጆች ይዛ የምትወጣው እኔ እንዳጠና ነው። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ቢሆንም።

ይህን ሁሉ አውቄ ለምን ጥምሩን ያዝኩ? ምክንያቱም ሥራዬ የሚፈልገው እሱን ነው። ጋራዡ ውስጥ ዕቃ ከሚፈቱትም፣ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ከሚጽፉትም ጋር መነጋገር የሚችል ሰው ያጥራል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ዘመን ይመስለኛል። ናፍጣ ብቻ የሚያውቁ ባልደረቦቼ ዛሬ ምን ያህል እንደሚጨነቁ አያለሁ። ጎበዞች ናቸው፤ የተከሉት ባላ ግን አንድ ነው።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. መመለሱ ከሠራናቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ነው፤ ልጆች ቢያንስ አንድ ዓመት ሰፋ አድርገው እንዲያዩ ዕድል ይሰጣል። ባለፈው ደውላ «ጋሼ፣ ፊዚክስ እወዳለሁ፣ ግን ፊዚክስ ከገባሽ መምህር ነው የምትሆኚው ብለው እያስፈራሩኝ ነው። ኤሌክትሪካል ልግባ?» አለችኝ። መምህርነት ማስፈራሪያ የሆነበት አገር ላይ ምን እንደምላት ለጊዜው ጠፋኝ። ኋላ ላይ የነገርኳት ይህን ነው፦ ኤሌክትሪካል ከደረሰሽ ግቢ፤ ግን የፊዚክስ መጽሐፍሽን አትሽጪ። ፊዚክስ ከደረሰሽም አታልቅሺ፤ ወርክሾፕ ያላቸውን ልጆች ተወዳጂ፣ አንድ ነገር በእጅሽ ሳትሠሪ ሴሚስተር አይለፍሽ። ዲፓርትመንቱ ይመድብሻል እንጂ አያጥርሽም።

ለእሷ ይህን አልኩ። ለሥርዓቱ ግን የሚባለው ከዚህ ይበልጣል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃው መቆሙ ትክክል ነው፤ ውጤቱም እውነታችንን አሳየን። ግን በር ላይ የቀሩት ሰዎች ናቸው። ከፊሎቹ በሬሜዲያል ሁለተኛ ዕድል አገኙ። ሌሎቹ በ18 ዓመታቸው «አንተ አትሆንም» ተብለው ተመለሱ። በ18 ዓመቱ ያልበሰለ በ28 ዓመቱ እንደማይበስል ማን ወሰነ? በብዙ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሳያይ፣ የሒሳብ መምህር ሳይሟላለት የተፈተነ ልጅ የወደቀው እሱ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለን። ተመራቂ ሁሉ፣ የግልም የመንግሥትም፣ ከመመረቁ በፊት አንድ ፈተና ያልፋል። እንግዲህ መውጫው ላይ ጠባቂ ካቆምን መግቢያውን ማስፋት አያስፈራንም ማለት ነው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲን ሳይስቅ ያቆመው ይኸው ስሌት ነው። የእኛ ሥርዓት ግን ሁለቱንም በር አጥብቦ መሀሉንም በአጥር ከፋፍሎታል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም አዲስ ሕንፃ አይፈልጉም።

የመጀመሪያው፣ አንድ ተማሪ በዲግሪው ውስጥ ጥቂት ኮርሶችን ከሌላ ዲፓርትመንት የመውሰድ መብት ይኑረው። የኬሚስትሪው ልጅ ሜዳውን አቋርጦ ወርክሾፕ ይግባ፣ የኢንጂነሪንጉ ልጅ ተሻግሮ ይምጣ። አንድ ማሽን ለስልሳ ልጅ ከሆነ ደግሞ ግዢው ሁለት ጊዜ ከሚሆን በጋራ ይሁን።

ሁለተኛው፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው በር ይከፈት። ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት የሠራ መካኒክ፣ መብራት ኃይል መስመር ላይ የቆየ ቴክኒሺያን፣ ክሊኒክ ውስጥ ዕቃ የሚጠግን ሰው ሥራውን ሳይለቅ በትርፍ ጊዜው ክሬዲት እያጠራቀመ ወደ ዲግሪ የሚሄድበት፣ ሕይወት ቢያቋርጠውም ያጠራቀመው የማይጠፋበት መንገድ ይኑር። አባት ይሞታል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ጦርነት ይመጣል። ክሬዲት ግን ሬጅስትራር መሳቢያ ውስጥ መቀበር የለበትም። ኢንተርኔት አይደርስም ለሚል፣ እንግሊዞቹ በ1971 የጀመሩት በፖስታና በሬዲዮ ነው።

ሦስተኛው የእኛው የቤት ሥራ ነው። ልጆቻችንን ስንጠይቅ «ምን ትባላለህ?» የሚለውን ትተን «ምን መሥራት ትችላለህ?» ብንል። ከስም በፊት የሚቀመጠው መጠሪያ ብዙ ሰው አኩርቷል፣ አንድም ባትሪ ግን አልጠገነም።

እኔ የሚቀረኝ አንድ ዓመት ገደማ ነው። በመጨረሻው ዓመት ለምሠራው የግል ጥናት ያሰብኩት ርዕስ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በከፍታ ቦታና በረጅም ቁልቁለት ላይ የሚኖረው ጸባይ ነው። መነሻዬ የለንደን ሜዳ ሳይሆን ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ያለው መንገድ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና ስንት ቤት እንዳዘጋ የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቃል። ሞተሩ ራሱ ጉልበቱን እየመለሰ መኪናውን የሚይዝበት ዘመን ሲመጣ፣ ስሌቱን አስቀድሞ የሠራለት ሰው ሊኖር ይገባል።

አገር ውስጥ ሆናችሁ በዚሁ ጉዳይ የምትሠሩ፣ በጋራዥም በዩኒቨርሲቲም ያላችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ጻፉልኝ። በተለይ ረጅም ቁልቁለት ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የምትነዱ ሹፌሮች፦ ከላይ ስትነሱ ባትሪው ስንት በመቶ ነበር፣ ታች ስትደርሱስ ስንት አሳየ? ይህቺን ብቻ ብትነግሩኝ ትልቅ ነገር ነው።

ቸር ያሰንብተን።